የአሮጌ መኪናን የወንበርና የጣሪያ ልባስ በአነስተኛ ወጪ ማደስ

ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። መኪናዎ ከ20 ዓመት በላይ እንዳገለገለ፣ የሾፌሩ መቀመጫ በበሩ በኩል ተቀዶ ስፖንጁ እንደወጣ፣ የጣሪያው ጨርቅ ተላቅቆ እንደተንጠለጠለ፣ ሁሉንም በቆዳ ለማልበስ የተጠየቁት ገንዘብም ከአቅምዎ በላይ እንደሆነ ገልጸው፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የወንበር ልብስ ገዝተው ቢደርቡበት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። የራሴንም የወዳጆቼንም አሮጌ መኪኖች ወንበር እየፈታሁ ሳድስ ብዙ ጊዜ ስለቆየሁ፣ በሥራው ላይ ያየሁትን ላካፍልዎ። መልሴ በአጭሩ፣ ልብሱን ለጊዜው አይግዙ የሚል ነው። ያለዎት ገንዘብ መጀመሪያ መዋል ያለበት ከጨርቁ ሥር ባለው ነገር ላይ ነው።

የሾፌር መቀመጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በበሩ በኩል ባለው ጠርዝ ነው፤ ሰው ሲገባም ሲወርድም ክብደቱን የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ነውና። ስፖንጁ በዕድሜ ብዛት ሲደክምና ሲፈረፈር ልባሱ ከሥሩ ደጋፊ ያጣል፤ ደጋፊ ያጣ ልባስ ይሸበሸባል፣ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ከወንበሩ ብረት ጋር ይፋተጋል፣ መጀመሪያ ስፌቱ ይላላል፣ ከዚያም ጨርቁ ራሱ ይተረተራል። በዚህ ላይ አዲስ ልብስ ቢደርቡበት አዲሱም እዚያው ቦታ ላይ በዚያው መንገድ ያልቃል።

ተደራቢ ልብስን የምፈራበት ሌላም ምክንያት አለ። አንዳንድ መኪኖች በወንበሩ መደገፊያ ጎን ውስጥ ኤርባግ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከል ከረጢት) አላቸው፤ ብዙ ጊዜም ይህን የሚገልጽ ምልክት በጎኑ ላይ ተሰፍቶ ይገኛል። እዚያ ያለው ስፌት ኤርባጉ ሲነፋ እንዲከፈት ታስቦ የተሰፋ ስለሆነ፣ በጠንካራ ክር ደግሞ መስፋት፣ በማስቲሽ መለጠፍ ወይም ጎኑን የሚሸፍን ልብስ ማልበስ ኤርባጉን በሚያስፈልግበት ቅጽበት ሊያግደው ይችላል። የእርስዎ መኪና እንዲህ ዓይነት ከሆነ የመደገፊያውን ጎን አይንኩት፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ መቀመጫው ነው።

ወንበሩን ከመፍታትዎ በፊት የወለሉን ምንጣፍ ጠርዝ ገልጠው ሥሩን በእጅዎ ይዳስሱ። ርጥበት ካለ ምንጩን ሳያገኙ ምንም አይግዙ፤ አዲሱም ይሻግታልና። ውሃው ከፓራብሬዛው ጎማ፣ በበሩ ሽፋን ሥር ከተለጠፈው የላስቲክ ወረቀት መቀደድ ወይም ከአየር ማቀዝቀዣው የውሃ መውጫ ቱቦ መደፈን ሊመጣ ይችላል። በዳሽቦርዱ ሥር በኩል ያለው ርጥበት የሚያጣብቅና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ግን የዝናብ ውሃ አይደለም፤ ከማሞቂያው የሚያፈስ የራዲያተር ፈሳሽ ነው፣ መካኒክም ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ወንበሩ እንምጣ። ወንበሩ ከወለሉ ጋር አብዛኛውን ጊዜ በአራት ብሎን ነው የሚያያዘው። ከሥሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ አስቀድመው የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ፣ የተወሰነ ደቂቃም ይጠብቁ፤ ቢጫ ቀለም ያለው ሶኬት የኤርባግ መስመር ስለሆነ ባትሪው ታስሮ ሳለ ፈጽሞ አይነካም። ወንበሩን አውጥተው ሲገለብጡት የልባሱ ጠርዞች ከብረቱ ጋር ተያይዘው ያገኟቸዋል። መሃል ላይ ያሉት ቦዮች ደግሞ ወደ ውስጥ የተሳቡት በስፖንጁ ውስጥ ከተቀበረ ቀጭን ብረት ጋር በትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች ስለታሰሩ ነው። እነዚህን ቀለበቶች በካቻቪቴ ፈልቅቆ ለማውጣት መሞከር ስፖንጁን ይቦጭቀዋል፤ በመቁረጫ ፒንሳ አንድ በአንድ እየቆረጡ ማውጣት ይሻላል። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ የትኛው ቀለበት የት እንደነበረ በኋላ የሚነግርዎ እሱ ብቻ ነው።

ልባሱ ሲወልቅ ስፖንጁን በሁለት እጅዎ ጫን ብለው ይመርምሩት። ሳይቀደድ የጠፈጠፈ ብቻ ከሆነ የካውያ እንፋሎት ከላይ እየነፉበት ቢያሹት በመጠኑ ይነሣል፤ ከዚያ በደንብ እስኪደርቅ ይተዉት። ጠርዙ ተፈርፍሮ ያለቀ ከሆነ ግን የሞተውን ክፍል በቀጥታ መስመር ቆርጠው ያውጡና በቦታው ጠንካራ፣ እፍግታው ከፍ ያለ ስፖንጅ በማስቲሽ ይለጥፉ። የፍራሽ ስፖንጅ ርካሽ ቢሆንም ቶሎ ስለሚጠፈጥፍ አልመክረውም። ቁራጩን ከሚፈለገው ትንሽ አተልቀው ይለጥፉትና ከደረቀ በኋላ ረጅም ስለት ባለው ቢላ እየቀረጹ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉት። ከስፖንጁ ሥር ያለው የብረት ሞላ በቀጥታ ስፖንጁን እንዳይበላውም በመሃላቸው ወፍራም ጨርቅ ያንጥፉ። ይህ ሥራ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ነገር ግን ትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣበት ነው፤ ወንበሩ ሲቀመጡበት የሚሰማው ስሜት የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

ልባሱን በተመለከተ፣ ሙሉውን መለወጥ አያስፈልግዎትም። የተቀደደውን ቁራጭ ብቻ ስፌቱን እየተረተሩ ያውጡት፤ እሱ ራሱ ለአዲሱ ቁራጭ ልክ ይሆናል። ከመተርተርዎ በፊት ሁለቱን ጎረቤት ቁራጮች የሚያቋርጡ አጫጭር መስመሮች በኖራ ቢያሰምሩ ሲሰፋ ምን ከምን ጋር እንደሚገጥም አይጠፋም። ዕድሜ የለጠጠው ቁራጭ ከመጀመሪያ መጠኑ ስለሚሰፋ፣ በሌላው ወንበር ላይ ካለው ተመሳሳይ ቁራጭ ጋር ያመሳክሩት። የቀለም ልዩነት ካሳሰብዎ ከኋላ መቀመጫው የማይታይ ክፍል ጨርቅ ቆርጦ መጠቀም፣ በማይታየው ቦታ ደግሞ ሌላ ጨርቅ መተካት ይቻላል። ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ፀሐይና ርጥበት ያበሰብሱታል። የቤት የልብስ ስፌት መኪና ድርብርብ ቆዳ ላይ ስለሚቸገር፣ መፍታቱንና መልሶ መግጠሙን እርስዎ ይሥሩትና ቁራጮቹን ብቻ ለቆዳ ሰፊ ይውሰዱ። ከባለሙያ ክፍያ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው መፍታትና መግጠም ስለሆነ ወጪዎ በእጅጉ የሚቀንሰው በዚህ ነው።

ርካሽ ሰው ሠራሽ ቆዳና ጥሩ ጨርቅ ቢቀርብልዎ ጨርቁን ይምረጡ፤ ርካሹ ቆዳ በሙቀት ደርቆ ይሰነጠቃል። የመጋረጃና የሶፋ ጨርቅ ግን ለመኪና አይግዙ። ለመኪና የሚመረት ጨርቅ እሳት ቶሎ እንዳያዛምት ተደርጎ ይሠራል፤ ለምሳሌ የአሜሪካው የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ በመኪና ውስጥ ባለ ልባስ ላይ እሳት በደቂቃ ከ102 ሚሊሜትር በላይ እንዳይራመድ ይጠይቃል።

ጣሪያው የሚወርደው የጨርቁ ጥፋት አይደለም። ጨርቁ ከጀርባው ቀጭን ስፖንጅ አለው፤ ያ ስፖንጅ በሙቀትና በርጥበት ዱቄት ሲሆን ሙጫው የሚይዘው ነገር ያጣል። በመርፌ ቁልፍ መወጠርም ሆነ በቀዳዳ ሙጫ ማስገባት የማይሠራው ለዚህ ነው። ጨርቁ የተለጠፈበትን የጣሪያ ሰሌዳ ሳያጥፉ ያውጡትና ጨርቁን ይግፈፉ፤ ከዚያ የቀረውን የሚያጣብቅ ፍርፋሪ በለስላሳ ብሩሽ፣ ሰሌዳው ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ይጥረጉ። ይህ አድካሚ ነው፣ አፍና አፍንጫዎንም ይሸፍኑ፤ ነገር ግን ፍርፋሪ የቀረበት ቦታ ሁሉ በኋላ ይነፋል። አዲሱ ጨርቅ ከጀርባው ስፖንጅ ያለው ይሁን፣ ማስቲሹም ሙቀት የሚችል ዓይነት ይሁን፤ ተራው ሙጫ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ይለቃል። የሰሌዳውንም ገጽ የጨርቁንም የስፖንጅ ጀርባ ቀብተው፣ ጣት ሲነካው የሚያጣብቅ ግን የማይከተል ሲሆን፣ ጨርቁን ግማሹን አጥፈው ከመሃል ወደ ዳር በመዳፍዎ እየዳበሱ ይለጥፉ። ስፖንጁ እንዳይጨፈለቅ አጥብቀው አይጫኑት።

የበሩ ሽፋን ጨርቅም በዚሁ ዘዴ ይለጠፋል። ከተጣለ ተመሳሳይ ሞዴል መኪና ደህና ወንበር ካገኙ ደግሞ ከእድሳቱ ሊረክስ ይችላል፤ የብሎኖቹ ቦታ፣ የቀበቶ መቆለፊያውና ሶኬቶቹ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አይተው ይግዙ።

ወንበሩን ሲመልሱ ሶኬቶቹን ሁሉ ከሰኩ በኋላ ባትሪውን ያስሩ፣ ብሎኖቹንም በመኪናው መመሪያ በተጻፈው ልክ ያጥብቁ፤ ከዚያም ከመንዳትዎ በፊት ወንበሩ በሀዲዱ ላይ በየደረጃው መቆለፉን፣ ቀበቶውም መያዙን ይፈትሹ።