አምባዛው ሆዱን ሞራ ከሞላው ዘይቱን አውጣ

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ለምታረባው አምባዛ ዓሣ በ100 ኪሎ መኖ 50 የተቆላ አኩሪ አተር፣ 30 የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው)፣ 15 በቆሎና 5 ዘይት ትቀላቅላለህ፤ ሆዱ ይነፋል እንጂ አያድግም፤ «ዘይት ልጨምርለት?» ብለሃል። አትጨምር፤ ያለውንም አውጣው።

ሒሳቡን እንሥራው። ዘይቱ ያልወጣ አኩሪ አተር ፕሮቲኑ 37፣ ስቡ 19 በመቶ ገደማ ነው። ዘይቱ በመጭመቂያ የወጣ የኑግ ፋጉሎ 31 እና 8፤ በቆሎ 9 እና 4። ሲደመር መኖህ ፕሮቲኑ 29፣ ስቡ ከ17 በላይ ነው። በማደግ ላይ ያለ አምባዛ የሚፈልገው ከ35 እስከ 40 ፕሮቲንና ከ8 እስከ 12 ስብ ነው። ስብ ሲበዛ ዓሣው ቶሎ ይጠግብና ሥጋ የሚሠራበትን ፕሮቲን ሳያገኝ ይቀራል። አንዱን ሆዱን ቅደድና እይ፤ አንጀቱ በነጭ ሞራ ተጠቅልሎ፣ ጉበቱም ገርጥቶ ካገኘኸው ነገሩ ይኸው ነው። ስቡን ከልክ በታች ማውረድም አያዋጣም፤ ያኔ ውዱን ፕሮቲን ለጉልበት ያቃጥለዋል፣ ከዚያ የሚወጣው አሞኒያም ውሃውን ያበላሻል።

ሌላው ችግር፣ መኖህ ከእንስሳ የመጣ ፕሮቲን የለውም። ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች ውስጥ ኑግ ላይሲን፣ አኩሪ አተር ሜቲዮኒን የሚባሉት ያንሳቸዋል። ሐይቅ አስጋሪዎች ዘንድ የሚጣለውን የዓሣ ጭንቅላትና አጥንት አምጥተህ ቀቅል፤ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ግፈፍ፣ ጨምቀህ አድርቅና አስፈጭ። ዘይቱ ካልተገፈፈ ዱቄቱ ቶሎ ይከረፋል፤ የከረፋ ስብ ደግሞ ጉበት ይጎዳል።

ለ100 ኪሎ እንዲህ አድርገው፦ የዓሣ ዱቄት 25፣ የተቆላ አኩሪ አተር 25፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 30፣ የኑግ ፋጉሎ 10፣ የስንዴ ዱቄት 8፣ ጨውና ፕሪሚክስ (የቪታሚንና የማዕድን ድብልቅ) 2። ፕሮቲኑ ወደ 38፣ ስቡ ወደ 10 ይመጣል፤ የተጨመረ ዘይት የለበትም። አኩሪ አተሩ እስከ ውስጡ መቆላት አለበት፤ ጥሬ ከሆነ ፕሮቲኑ በዓሣው ሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ ያግዳል። የሻገተ ፋጉሎ በርካሽ ቢሰጡህም አትግዛ። የቢራ ፋብሪካ አተላ ገለባው ስለሚበዛ ለከብት ይሻላል።

ሁሉንም አልመህ አስፈጭ። የስንዴ ዱቄቱን ግን በውሃ እንደ ቀጭን ገንፎ አብስልና ከተፈጨው ጋር ለውሰው፤ እሱ ነው መኖው ውሃ ውስጥ እንዳይበተን የሚይዘው። ፕሪሚክሱን ሊጡ ከቀዘቀዘ በኋላ ጨምር፤ ሙቀት ቪታሚኑን ያጠፋዋል። በሥጋ መፍጫ በ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አውጣው፣ በጥላ አድርቀው፤ ሲሰብሩት ቀጭ ካለ ደርቋል። የምታዘጋጀው ለአንድ ወር የሚበቃውን ብቻ ይሁን።

የውሃውን ሙቀት ሳትለካ ግን አትመግብ። አምባዛ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይወዳል፤ ከ20 በታች ምግብ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ደሴ ደግሞ ይብሳል። በሞቀ ጊዜ የክብደቱን 3 በመቶ ያህል በቀን ሁለቴ ከፍለህ ስጠው፤ ሲቀዘቅዝ ግማሹን ብቻ፣ እሱንም ፀሐይ ውሃውን ካሞቀችው በኋላ። በ15 ደቂቃ ያልበላው ከተረፈ በማግስቱ ቀንስ።