ለ12 ሠራተኛ ስንት ገጽ ሰነድ?

ጥያቄ፦ የብረት መለዋወጫ የምናመርት 12 ሰዎች ነን። ለአይኤስኦ 9001 (ለዓለም አቀፉ የጥራት አመራር ደረጃ) ስንዘጋጅ ያገኘነው ናሙና የጥራት ማኑዋል 140 ገጽ ነው። ይህን ሁሉ መጻፍ ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የደረጃው የ2008ቱ እትም (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጥራት ማኑዋልና ስድስት የአሠራር ሰነዶችን በግድ ይጠይቅ ነበር፤ የ2015ቱ ሁለቱንም አስቀርቷል። የሥርዓቱ ወሰን፣ የጥራት ፖሊሲና ግቦቹ ግን በጽሑፍ ይኑሩ፤ ሁለት ገጽ ይበቃቸዋል።

መዝገብ ላይ አትቆጥቡ፦ የመለኪያ መሣሪያዎች ካሊብሬሽን (በትክክል መለካታቸውን ማረጋገጥ)፣ የሠራተኛ ብቃት፣ የአቅራቢ ግምገማ፣ ምርቱን ማን ፈትሾ እንዳሳለፈው፣ የተበላሸው ምን እንደተደረገ፣ የውስጥ ኦዲት፣ የአመራር ግምገማና የመሳሰሉት ይጠየቃሉ።

የሥራ መመሪያ የሚጻፈው ባለሙያው ቢቀር ምርት ለሚበላሽበት ሥራ ነው። ወለል ለመጥረግ መመሪያ አያስፈልግም። ለመሰርሰሪያው አንድ ገጽ ማሽኑ አጠገብ ለጥፉ፤ ለምሳሌ፦ የቀዳዳው ልክ ከ10.0 እስከ 10.2 ሚሊ ሜትር፤ በየ20 ፍሬው አንዱ በካሊፐር ይለካ፤ ከልክ ከወጣ ማሽኑ ይቁም፣ ከመጨረሻው ትክክለኛ ልኬት ወዲህ የተመረተው ሁሉ ተለይቶ እንደገና ይለካ። የእትም ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ አሮጌው ቅጂ ከመሳቢያ ይውጣ፣ አለበለዚያ አንዱ በእሱ መሥራቱ አይቀርም።

የተቀዳ ማኑዋል ጣጣው ሌላ ነው። «በየቀኑ ይፈተሻል» ብሎ ከጻፈና እናንተ በሳምንት አንዴ ከፈተሻችሁ፣ ኦዲተሩ ጉድለት ብሎ የሚመዘግበው በገዛ ጽሑፋችሁ ነው። ደንበኛ በውል ተጨማሪ ሰነድ ጠይቆ እንደሆነም አስቀድማችሁ እዩ።