ቡናዬን ነቅዬ ለነዳጅ የሚሆን በቆሎ ልዝራ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሰቃ ጨቆርሳ ነው። ውጭ አገር ከበቆሎ የመኪና ነዳጅ እየተሠራ ገበሬው ተጠቀመ ሲባል ሰማሁ። እኔ በቆሎዬን ኅዳር ላይ በርካሽ እሸጣለሁ፤ መድኃኒት አድርገን ብናስቀምጠውም አይበረክትም። ክረምት ሲገባ ለቤት መልሰን እንገዛለን። ከቡናዬ ጥቂቱን ነቅዬ በቆሎ ብጨምር ያዋጣኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቡናውን አይንቀሉ።

የሰሙት ግን እውነት ነው። አሜሪካኖች ከበቆሏቸው ከሲሶ በላዩን ለኤታኖል፣ ማለትም ከቤንዚን ጋር ለሚቀላቀለው አልኮል፣ ያውሉታል። ከአንድ ኩንታል 40 ሊትር ገደማ ይወጣል፤ አተላውም ለከብት መኖ ይሸጣል። ገበያውን ያጸናው ግን ሕግ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2007 የወጡት ሕጎች ኤታኖል ከቤንዚን ጋር እንዲቀላቀል አስገደዱ። በእኛ አገር ኤታኖል የወጣው ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ (ስኳሩ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ጥቁር ዝልግልግ) ነው፤ የፊንጫንና የመተሐራን ፋብሪካዎች ያስታውሳሉ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቅልቅሉ ሲጀመርም የገባው የሞላሰሱ ነበር። ጅማ ሂርማታ ገበያ ላይ በቆሎዎን ለነዳጅ የሚጠይቅዎ ነጋዴ የለም።

ቢኖርስ? እህል ወደ ነዳጅ ሲሄድ ይወደዳል፤ በዚያ የሚያተርፈው ከሚገዛው ይልቅ የሚሸጠው የሚበልጥ ገበሬ ነው። እርስዎ ኅዳር ላይ ሻጭ፣ ሐምሌ ላይ ገዢ ነዎት። ውድነቱ ቢመጣ ክረምት ላይ የሚበላው የእርስዎን ኪስ ነው።

ከደብዳቤዎ የገባኝ፣ ችግሩ የመሬት ማነስ ሳይሆን ነቀዝ መሆኑ ነው። «አይበረክትም» ያሉት እሱን ነው፤ በርካሽ የሚያሸጥዎም እሱን መፍራት ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ካለብዎ ለዚያ የሚበቃውን ይሽጡ፤ የቤቱን ቀለብ ግን አይንኩት።

ነቀዝ ገና ማሳ ላይ እያለ በቆሎው ውስጥ ይገባል፤ ጎምቢሳው (የእህል ጎተራው) ደግሞ አየር ስለሚያስገባ እዚያው ይራባል። መፍትሔው አየር መንሳት ነው። ፒክስ የሚባለውን ባለ ሁለት ውስጥ ላስቲክ ከረጢት ከህብረት ሥራ ማህበሩ ወይም ከግብርና ግብዓት ሻጭ ይጠይቁ፤ ዘንድሮ ለሁለት ኩንታል ብቻ ይሞክሩት። ካልተቀደደ ለከርሞም ያገለግላል።

ዋናው ነገር ድርቀቱ ነው፤ እርጥብ እህል ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል። የተፈለፈለውን በቆሎ በሸራ ላይ እንጂ በባዶ መሬት ላይ አያስጡት። ከዚያ አንድ ደረቅ ጠርሙስ ሲሶውን በበቆሎ ይሙሉና ሁለት ማንኪያ ጨው ይጨምሩ። የጅማ አየር ጨውን ስለሚያርሰው መጀመሪያ በምጣድ አመስ ያድርጉት። አንድ ደቂቃ ነቅንቀው ሩብ ሰዓት ያቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው አልደረቀም፣ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተጣበቀም አንድ ሙሉ ቀን ይጨምሩለት፤ ጨው ትንሿን እርጥበት አይናገርም።

ስብርባሪውን ነፍተው ያውጡ። የውስጠኛውን ላስቲክ ሞልተው አየሩን እየተጫኑ ያስወጡ፤ አፉን ጠምዝዘው፣ አጥፈው፣ በገመድ አጥብቀው ይሰሩ። ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ የውጭውንም እንዲሁ። ነቀዙ በውስጥ የቀረችውን አየር ጨርሶ ይሞታል። «እስኪ ልየው» ብለው በየሳምንቱ ከከፈቱት ግን ልፋትዎ ከንቱ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ወር አይንኩት። ከግድግዳ አርቀው በእንጨት ርብራብ ላይ ያኑሩት፤ አይጥ የቀደደችው ከረጢት ተራ ጆንያ ነው።

ስለዚያ «መድኃኒት» አንድ ቃል ልናገር። የነቀዝ ክኒን ጆንያ ውስጥ ጥላችሁ እዚያው ቤት ከልጆች ጋር ማደሩን ተውት፤ በየቀበሌው አየዋለሁ። የሚለቀው ጋዝ ሰውም ይገድላል። ፒክስ ውስጥ ክኒንም ዱቄትም አይገባም።

ሐምሌ ላይ አንዱን ከረጢት ለቤት ይክፈቱ። ሁለተኛውን የዕለቱን ዋጋ ሂርማታ ላይ ጠይቀው ይወስኑ፤ ለከርሞ ስንት ከረጢት እንደሚያስፈልግዎም ያኔ ያውቁታል።