ወንበሩን ከመግዛትሽ በፊት

ውድ እህቴ፣

የጻፍሽልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጥርስ ህክምና ተመርቀሽ ጅማ ውስጥ በግል ክሊኒክ 2 ዓመት ሠርተሻል። አሁን ዕቃሽን በሻንጣ ይዘሽ፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞርሽ የልጆችን ጥርስ ማጽዳትና መከላከል ላይ ብቻ መሥራት አምሮሻል። ተጣጣፊ ወንበር ለመግዛትም ዕቁብ ገብተሻል። «ይሄ እብደት ነው ወይስ ሥራ?» ነው ጥያቄሽ።

ሥራ ነው። እንዲያውም ሙያው የተጀመረው ከትምህርት ቤት ነው። አልፍሬድ ፎንስ የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1913 እ.ኤ.አ. ብሪጅፖርት በምትባል ከተማ ሃይጂኒስቶችን፣ ማለትም ጥርስ በማጽዳትና በሽታውን በመከላከል ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎችን፣ ማሠልጠን ጀመረ። ከተመረቁት ብዙዎቹ በቀጥታ የከተማዋን ተማሪዎች ጥርስ ወደ ማጽዳት ነው የገቡት። ኒውዚላንድም ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምራ ለትምህርት ቤት ልጆች ብቻ የሚሠሩ የጥርስ ነርሶችን አሠልጥናለች።

ግን ከወንበሩ የሚቀድም ነገር አለ። አንድ ያየሁትን ልንገርሽ።

ባለፈው ዓመት እዚያው ጅማ ለምርመራ ከወጡ ባለሙያዎች ጋር አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ ተራው ሲደርስ አፉን በሹራቡ እጅጌ ሸፍኖ ቆመ። ባለሙያዋ አልጎተተችውም። አፍ ውስጥ የሚታይበትን ትንሽ፣ ንጹህ መስታወት ሰጠችውና «እስቲ የእኔን ጥርስ ቁጠርልኝ» አለችው። ሰባት ድረስ ቆጠረ። ከዚያ ሌላ መስታወት አወጣችና በኦሮምኛ «አፋን ኬ ባኒ» (አፍህን ክፈት) አለችው። ከፈተ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ በጣም ተቦርቡሯል። ማታ ማታ እንደሚያመው ነገራት። «ይታከም» የሚል ወረቀት ተጻፈለትና ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ከ2 ወር በኋላ ርዕሰ መምህሩን ስለ ልጁ ጠየቅኩ። ወረቀቱ ደብተሩ ውስጥ እንደታጠፈ ነበር። የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያየው፣ ስንት እንደሚያስከፍል ለቤተሰቡ የነገረ ሰው አልነበረም። እስካሁን ሳስበው ይከነክነኛል። ያን ያህል አምኖን አፉን የከፈተን ልጅ ከነህመሙ ነው የመለስነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ልጆቹን የምትልኪበትን ቦታ አዘጋጂ። ጅማ ላይ በዚህ ዕድለኛ ነሽ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ህክምና ያስተምራል። ሄደሽ አነጋግሪያቸው። በየትኛው ቀን፣ በምን ዓይነት ወረቀት፣ ማን እንደሚቀበልሽ ቁርጡን እወቂ። አሁን የምትሠሪበትን ክሊኒክም ተኳርፈሽ እንዳትለቂው። ነገ ልጆች የምትልኪው እነሱም ጋ ነው።

በትምህርት ቤት ትልቁን ለውጥ የምታመጪው በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ልጆች ላይ ነው። በ6 ዓመት አካባቢ የመጀመሪያዋ ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ትወጣለች። ቦታ ለመልቀቅ የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ወላጅ ልብ አይላትም። «የወተት ነው፣ ይወልቃል» ተብላ ትቦረቦራለች፤ ተተኪ ግን የላትም። አንቺ በጊዜ ደርሰሽ ማኘኪያዋ ላይ ያለውን ስንጥቅ ብታሸጊላት፣ ጥርስ የሚያጠነክረውን ፍሎራይድ ብትቀቢላት ዕድሜ ልኩን ልትቆይለት ትችላለች። ለወላጆች ስብሰባ ስትጠሪ ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትነግሪያቸው እንኳ ቀላል አይደለም።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ወንበር ባይኖር አግዳሚ ላይ አስተኝተሽ፣ ግንባርሽ ላይ መብራት አስረሽ ትሠሪያለሽ። መስታወት ካነሰሽ ግን ሥራው ይቆማል። በቀን 40 ልጅ ካየሽ ቢያንስ 40 ንጹህ መስታወት ያስፈልግሻል። በአልኮል መጥረግ ጀርም ማምከን አይደለም። ክሊኒኩ አውቶክሌቩን (ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነውን ማሽን) ማታ ማታ በክፍያ እንዲያስጠቅምሽ ጠይቂ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርጊም አስቀድመሽ አስቢበት።

ፈቃድሽንም አውጥተሽ አንብቢው። ውጭ አገር ሃይጂኒስት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንቺን የሚገዛሽ ግን ፈቃድሽ ላይ የተጻፈው የሥራ ወሰን ነው። ከዚያ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ርዕሰ መምህሩ በቃል ቢፈቅድልሽ አይበቃም። የወላጅ ፊርማ ሳትይዢ የማንንም ልጅ አፍ አትንኪ። ቅጹ በኦሮምኛም በአማርኛም ይሁን።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ገቢ የለሽም ማለት ነው። በፈተና ሳምንትም ማንም አያስገባሽም። እኔ ብሆን ክሊኒኩን በአንዴ አልለቅም። በሳምንት 3 ቀን ክሊኒክ፣ 2 ቀን ትምህርት ቤት አድርጌ አንድ ዓመት እሞክረው ነበር። ከአንድ ወይም ከሁለት የግል ትምህርት ቤቶች ጋር በሴሚስተር ተዋዋዪ። የእነሱ ክፍያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችን ጓንትና ፍሎራይድ ይሸፍንልሻል። ደመወዝሽን ግን በልጅ ቁጥር አታስሪው። ያኔ ትቸኩያለሽ፤ አፉን በእጅጌው ለሚሸፍነው ልጅ የሚሆን ጊዜ አይኖርሽም።

ዕቁቡ ሲደርስሽ መስታወቶቹን ቀድመሽ ግዢ። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ስትጨርሺ ደግሞ ጻፊልኝ፤ ከላክሻቸው ልጆች ስንቱ ታክመው እንደተመለሱ ንገሪኝ።