ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ልጄ ዳኒ ስዊድን አገር ኡፕሳላ በሚባል ከተማ ይኖራል። እኔ ስሄድ የማርፍበት ብሎ ከቤቱ ጎን አንድ ክፍል ለመቀጠል ኮሙን ከሚሉት ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ አወጣ። ጎረቤቱ አቤት አለበትና ሌንስቲሬልሰን የሚሉት መሥሪያ ቤት ፈቃዱን ሻረው። «ቦታው ፕላኑ ላይ ነጠብጣብ አለበት» አሉት አለኝ። ደብዳቤውን በቴሌግራም ልኮልኝ አየሁት፤ ማኅተም የለው፣ ፊርማ የለው። ይሄ መሥሪያ ቤት ምንድን ነው? እንደኛ ክልል ነው? ከተማው የፈቀደውን እንዴት ይሽራል? ትልቅ ሰው የሚያውቅ ዘመድ አለኝ፤ ለሹሙ ደብዳቤ ባጽፍስ? ለቪዛዬስ እንቅፋት ይሆንብኝ ይሆን?
የዳኒ እናት፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ የዳኒ እናት፣ ከማኅተሙ ልጀምር። አይፈረድብዎትም፤ እኔም እዚህ ለገጣፎ ክብ ማኅተምና ቲተር የሌለበት ወረቀት ይዤ መስኮት ላይ ብቆም ምን እንደምባል አውቀዋለሁ። የእነሱ ወረቀት ግን ያለ ማኅተም ይሠራል። ዳኒ መጨረሻው ገጽ አካባቢ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብብልዎት፤ ውሳኔው በዲጂታል መንገድ ስለጸደቀ ፊርማ የለውም የምትል ናት። አብዛኛውን ጊዜ ከእሷ ጋር ሁለት ስም ይኖራል፤ አንዱ የወሰነው፣ ሌላው ጉዳዩን አጥንቶ ያቀረበው። ትልቁ ነገር ራስጌው ላይ ያለው የመዝገብ ቁጥር ነው። ስዊድን ሳለሁ እንዲህ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ባለጉዳይ ደውሎ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደተደረገበት ሲያጫውተኝ ዝም ብዬ እሰማና ቁጥሩን ሲጠራልኝ ነበር ፋይሉን የማገኘው።

ክልል ነው ወይ ላሉት፣ አይደለም። ስዊድን ውስጥ የዳኒን ቤት የሚያውቁ ሦስት አስተዳደሮች አሉ። አንደኛው ኮሙን ነው፤ በመላ አገሪቱ 290 አሉ፣ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት አላቸው፤ ትምህርት ቤቱ፣ ውኃው፣ የግንባታ ፈቃዱ በእነሱ እጅ ነው። ሁለተኛው ሬጂዮን ይባላል፤ እሱም ምርጫ አለው፣ ዋና ሥራው ሕክምና ነው። ዳኒ ቢታመም የሚሄድበት የኡፕሳላ ትልቁ ሆስፒታል የሬጂዮኑ ነው፤ የሚሳፈርበትም አውቶቡስ እንዲሁ። ሌንስቲሬልሰን ሦስተኛው ነው፤ እሱን ማንም አይመርጠውም። አገሪቱ ሌን በሚባሉ 21 አውራጃዎች ተከፍላለች፤ በየአንዳንዱ ማዕከላዊው መንግሥት ያስቀመጠው መሥሪያ ቤት ነው። የራሱን ሕግ አያወጣም፣ የገቢ ግብርም አይጥልም። በጃንሆይ ጊዜ የነበረውን የጠቅላይ ግዛት እንደራሴ ያስታውሱ እንደሆነ፣ ከክልል ይልቅ ወደዚያ ይቀርባል፤ ያውም ወታደርና ፖሊስ የማያዝ እንደራሴ።

ዕድሜው ራሱ ያስገርማል። ንጉሣቸው ጉስታቭ አዶልፍ በጦር ሜዳ የሞተው እኛ ዘንድ አፄ ፋሲል በነገሡበት ዓመት፣ በ1632 እ.ኤ.አ. ነው። አልጋ ወራሿ ክርስቲና ገና ሕፃን ነበረች። አገሩን ይዞ የቆየው አክሰል ኡክሰንሼርና የሚባል ቻንስለር በ1634 ባወጣው የመንግሥት አወቃቀር አገሪቱን በሌን በሌን ከፈላት፤ በየሌኑ ግብሩን፣ ምልመላውን፣ ጸጥታውን የሚከታተል ገዢ ተቀመጠ። ዛሬ ግብሩም ምልመላውም ወደ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሄዷል። የቀረለት ሥራ ግን ዝንቅ ነው። ተኩላና ድብ ይቆጥራል። ገበሬው ላሞቹን በበጋ ግጦሽ ላይ ማሰማራቱን ሄዶ ያያል፤ እንስሳ የሚያሠቃይ ሰው ካገኘ ከብት እንዳያረባ ይከለክላል። ጎርፍና የደን ቃጠሎ ሲመጣ ኮሙኖቹን ያስተባብራል። በማዘጋጃ የሚጋቡ ሰዎችን የሚያጋባውን ሰው እንኳ የሚሾመው እሱ ነው። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ መሐል ነው የዳኒ ክፍል ጉዳይ የሚመጣው፤ ኮሙን የሰጠውን የግንባታ ፈቃድ የሚቃወም ጎረቤት መጀመሪያ ይግባኝ የሚለው ለእሱ ነው። ይግባኙም ክፍያ የለውም።

ስለ ነጠብጣቡ። ኮሙኑ ለየሰፈሩ ዝርዝር ፕላን አለው። እዚያ ፕላን ላይ ጥቃቅን ነጥብ የተረጨበት ቦታ ሕንፃ እንዳያርፍበት የተከለለ ነው፤ ብዙ ጊዜ በመንገዱ ዳርና በአጥሩ ጥግ ያለው ጠበብ ያለ መሬት ነው። ባለቤቱ ዳኒ ነው፣ ሣር ይትከልበት፣ ወንበር ያውጣበት፣ ግድግዳ ግን አያቁምበት። ከፕላኑ መጠነኛ ማፈንገጥ ሕጉ ይፈቅዳል። ኮሙኑ «ይቺ ትንሽ ናት» ብሎ ፈቅዶ፣ ሌንስቲሬልሰን «ትንሽ አይደለችም» ብሎ ሳይሽር አልቀረም፤ በዚህ ነጥብ የሚወድቅ ፈቃድ አዲስ ነገር አይደለም። ካርታውን አጉልቶ ይይና ክፍሉ ነጥቡ ላይ ስንት ሜትር እንደገባ ይለካ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ነው።

የዘመድዎን ደብዳቤ ግን ይተዉት። ሹሙ አለ፤ መንግሥት ለስድስት ዓመት የሚሾመው ገዢ ነው፣ ብዙ ጊዜ ፖለቲካ ውስጥ የከረመ ሰው ይሆናል፤ የኡፕሳላው መኖሪያ ግንቡ ላይ ነው። ዳሩ ግን እንዲህ ያለውን ይግባኝ አይቶ የሚወስነው ሕግ ያጠና ሠራተኛ እንጂ እሱ አይደለም። ከሹሙ በላይ ልሂድ ቢሉም በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕገ መንግሥታቸው ሚኒስትር ቀርቶ ፓርላማው እንኳ በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ «እንዲህ ወስኑ» ብሎ መሥሪያ ቤት ማዘዝ አይችልም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ከ1766 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት ቤት የገባ ወረቀት፣ በሕግ ምስጢር ካልተባለ በስተቀር፣ ለጠየቀ ሁሉ የሚታይ ነው። የዘመድዎ ደብዳቤ እንደደረሰ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፋይሉ ውስጥ ይገባል፤ ያ ጎረቤት በማግስቱ ኢሜይል ልኮ «ቅጂ ስጡኝ» ይላል፤ ይሰጡታል። አማላጅነቱ ለጎረቤቱ ማስረጃ ሆኖ ያርፋል።

ይኸው በር ለዳኒም ክፍት ነው። የመዝገብ ቁጥሩን ጠቅሶ ሙሉ ፋይሉን ይጠይቅ፤ ጎረቤቱ የጻፈውን፣ ኮሙኑ የመለሰውን፣ ሁሉንም ያያል። ለምን ፈለግኸው ብሎ የሚጠይቀው የለም። እኔ መዝገብ ቤት ሳለሁ ስሙን እንኳ ሳይነግረኝ ቅጂ የወሰደ ሰው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይግባኝ ማለት ከፈለገ ደብዳቤው ከደረሰው ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት አለው። ቀጥሎ የሚያየው የመሬትና የአካባቢ ፍርድ ቤት ነው፤ ለኡፕሳላ ስቶክሆልም አጠገብ ናካ ያለው። ወረቀቱ የሚጻፈው ለፍርድ ቤቱ ቢሆንም የሚላከው ፈቃዱን ለሻረው ለሌንስቲሬልሰን ነው፤ እነሱ ቀኑ አለማለፉን አይተው ያስተላልፉታል። የረታህ መሥሪያ ቤት በር ላይ ይግባኝ ይዞ መሄድ ለእኛ ሰው ይከብዳል፣ ግን እንደዚያ ነው። ናካም ከረታው፣ ከዚያ በላይ ያለው ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው አስቀድሞ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

እኔ ብሆን አልከራከርም ነበር። ይግባኝ ወራት ይበላል፣ ነጥቡ ደግሞ እዚያው ይቀመጣል። ክፍሉን ከነጥቡ ለቆ እንዲያርፍ፣ ጠበብ አድርጎም ቢሆን፣ ሥዕሉን አስተካክሎ ለኮሙኑ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ይችላል፤ የድሮው መሻር ያንን አይከለክለውም። የኮሙኑ ክፍያ በድጋሚ ይጠየቃል፣ ይህን አልደብቅዎትም። ሁለቱንም ጎን ለጎን ቢያስኬድም መብቱ ነው።

ቪዛው ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ እሱ የኤምባሲውና የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ነው። የዳኒ ግድግዳ የት እንደቆመ ማንም አይጠይቅዎትም። ዛሬ ማታ ሲደውልልዎ ግን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ደብዳቤው እጁ የገባው በየትኛው ቀን ነው?