ዘጠኙ ገብቶ አንዱ ሲያበላሽ

ሰሞኑን ከገቡልኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ ቤቲንግ (የስፖርት ውርርድ) ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ በደንብ ዘርዝሮ ስለፃፈ መልሱም ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ቤቲንግ ከጀመርኩ ሁለት አመት ሆነኝ። ኳስ አውቃለሁ፣ ዝም ብዬ አልቆርጥም፣ የተጎዳ የተቀጣ ተጫዋች ሳላይ ቲኬት አልይዝም። ችግሬ የብር አያያዝ ነው። ባንክሮልህን (ለጨዋታ የያዝከውን ብር) ለይተህ በአንድ ቲኬት ከ2 ፐርሰንት በላይ አትመድብ የሚለውን አንብቤ በየወሩ መጀመሪያ ላይ እጀምረዋለሁ፣ ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ ይፈርሳል። ያለፈው ቅዳሜ 10 ጌም ባንድ ቲኬት ቆርጬ 9ኙ ገባ፣ የመጨረሻው 90+4 ላይ አቻ ሆኖ አበላሸብኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሌሊት ተነስቼ ስማቸውን እንኳን በማላውቃቸው ቡድኖች ላይቭ (ጨዋታው እየተካሄደ) ላይ የቀረኝን ሁሉ አስገባሁት፣ ተበላሁ። አንድ ጓደኛዬ ደሞ ስትበላ እጥፍ እያረክ ተጫወት ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ ከሌሊቷ እንጀምር፣ ምክንያቱም ባንክሮሉ የፈረሰው እዛ ጋ ነው። ጎሉ እስኪገባብህ ድረስ አንተ በሀሳብህ ብሩን ተቀብለሃል፣ ምናልባት ግማሹን አጥፍተኸዋል እንጃ። የከሰርከው የመደብካትን ትንሽ ብር ነው፣ የተሰማህ ግን የቲኬቱን ሙሉ ብር ከኪስህ እንደመነተፉህ ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው ሰውዬ ደሞ ቅዳሜ ጠዋት ስታትስቲክስ ሲያይ የነበረው ሰውዬ አይደለም። ዳንኤል ካነማን እና አሞስ ትቨርስኪ የሚባሉ የስነልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ፅሁፍ ያሳዩት አንዱ ነገር ይሄ ነው፣ ሰው ኪሳራ ውስጥ ነኝ ብሎ ሲያስብ በደህና ቀን የማይነካውን ሪስክ ይወስዳል። ስለዚህ ያንን ሌሊት የባህሪ ድክመት ብለህ ራስህን አትርገም፣ ግን በሚቀጥለው ወር እጠነክራለሁ ብለህም አትሸወድ፣ ያው ሌሊት ተመልሶ ይመጣል።

«9ኙ ገባ» የምትለውን ደሞ ትንሽ በሂሳብ እንየው። እያንዳንዱ ጌም ኦዱ (ከገባ የመደብከውን የሚያባዛልህ ቁጥር) 1.30 ነበር እንበል፣ አስሩ ሲባዛ ወደ 13.8 ኦድ ይሆናል። 1.30 የተሰጠው ጌም የቤቱ (የአወራራጁ) ማርጂን ሲወጣለት ከ100 ጊዜ 73 ጊዜ ገደማ የሚገባ ነገር ነው። አስሩም ባንዴ የመግባት እድላቸው ከ100 ቲኬት 4 ገደማ። ልክ 9ኙ ብቻ ገብቶ አንዱ የሚያበላሸው ቲኬት ግን ከ100 ውስጥ 16 ገደማ ነው፣ ማለትም «ለጥቂት» የምትለው ከሚገባልህ ወደ አራት እጥፍ ይበልጣል። ለጥቂት ማለት ተቃርቤያለሁ ማለት አይደለም፣ ረጅም ቲኬት ከሚሞትባቸው የተለመዱ መንገዶች አንዱ ነው። ግን ለጥቂት የሳተ ቲኬት አራት ጌም ከሳተ ቲኬት ይልቅ ነገ ተመልሰህ እንድትቆርጥ ያረግሃል፣ ጉዱ እሱ ነው።

ማርጂን ያልኩህ ምንድነው፣ እኩል ለእኩል የሆነ ጌም ቢኖር ትክክለኛው ኦድ 2.00 ነበር፣ ቤቱ ግን 1.90 በ1.90 ይሰጥሃል። 100 ብትመድብ በአማካይ የሚመለስልህ 95 ነው። በአንድ ጌም 5 ምን አላት ትላለህ፣ ጌም ስትደራርብ ግን ማርጂኗም አብራ ትባዛለች፣ ከ100 የሚመለስልህ አምስት ጌም ላይ 77 ገደማ፣ አስር ጌም ላይ 60 ገደማ ይሆናል። ማስታወቂያው ሁሉ ብዙ ጌም ለሚደረድር ቦነስ የሚለው ለምን መሰለህ?

አሁን ወደ 2 ፐርሰንቷ። ምክሩ ጥሩ ነው፣ ግን ምን እንደሚሰራ ብዙ ሰው ተሳስቶ ነው የያዘው። ፍሬን ናት፣ መሪ አይደለችም። ቁልቁል የሚሄድን መኪና ቀስ ብሎ እንዲወርድ ታረገዋለች እንጂ አቅጣጫውን አታዞርም። ስለ መደብ ስንት መሆን አለበት የሚባለው ትልቁ ፎርሙላ የኬሊ ነው፣ ጆን ኬሊ ቤል ላብስ የሚባለው የምርምር ተቋም ውስጥ ሲሰራ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው። ላንተ በሚመችህ መንገድ ልፃፈው፣ ጌሙ ይገባል የምትልበትን እድል በኦዱ አባዛው፣ 1 ቀንስ፣ የመጣውን ኦዱ ሲቀነስ 1 ለሆነው አካፍል። 1.90 ኦድ ይዘህ እድሉ 55 ፐርሰንት ነው ብትል እና ልክ ብትሆን ከባንክሮልህ 5 ፐርሰንት መድብ ይልሃል። እድሉ 50 ከሆነ ግን የሚመጣው ኔጌቲቭ ነው። ፎርሙላው ትንሽ መድብ አይልም፣ አትጫወት ነው የሚልህ። ብር አያያዝ እያሉ የሚያስተምሩት ሰዎች ይቺን መስመር ለምን እንደሚዘሏት አይገባኝም (ይገባኛል እንጂ)።

እጥፍ ማድረጉን እርሳው። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 ብለህ ሰባቴ በተከታታይ ከተበላህ 127 ሄዷል፣ ስምንተኛው ላይ 1 ለማትረፍ 128 ልትመድብ ነው፣ እሱም ኦዱ 2.00 ከሆነ፣ በ1.90 ከሆነ ቢገባልህም ሂሳቡ አይዘጋም። ሰባቴ ማን በተከታታይ ይበላል እንዳትል፣ እኩል ለእኩል በሆነ ነገር 100 ጊዜ ብትጫወት ቢያንስ አንዴ ሰባት ተከታታይ ሽንፈት የመምጣቱ እድል ከሦስት አንድ ገደማ ነው። «ይበቃል፣ አሁንማ ይገባል» የሚባል ነገርም የለም። እ.ኤ.አ. በ1913 ሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ውስጥ ሩሌቱ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አርፎ ቀይ ተራው ደረሰ እያሉ የመደቡ ሰዎች ብራቸውን ጨርሰው ነው የወጡት።

ታዲያ ምን ላርግ ካልከኝ፣ የሚሰራው ዲሲፕሊን ጠዋት ላይ አስረኸው ሌሊት ልትፈታው የማትችለው ነው። አካውንትህ ላይ የዲፖዚት ገደብ የሚባለው ካለ ደህና በሆንክበት ቀን ዝቅ አርገህ ሙላው፣ ብዙ ጊዜ ገደቡን መቀነስ ወዲያው ይሰራል፣ ማሳደጉ ግን ያስጠብቃል፣ ያ መጠበቅ ነው የሚያድንህ። የባንክ ካርድህን ከአፑ አውጣው። ላይቭን ጨርሰህ ተወው፣ ሌላውን ሁሉ ባትሰማኝ ይሄን ስማኝ፣ ምክንያቱም ላይቭ ላይ አንድ ውሳኔ አስበህ ሳትጨርስ ሌላ ኦድ ይመጣል፣ ካሽ አውቱም (ጨዋታው ሳያልቅ ቲኬቱን መልሶ መሸጡ) ቢሆን ቤቱ ማርጂኑን ሁለተኛ ጊዜ የሚቆርጥበት ነው። የምትመድበውን ደሞ ለሲኒማ እንደምትከፍለው ብር ቁጠረው፣ የሄደ ብር ነው፣ ከመጣ መጣ።

ኳስ አውቃለሁ ላልከው መለኪያ ልስጥህ። ደብተር ያዝ፣ ጌሙ ሳይጀመር ፃፍ፣ ስንት ኦድ እንደወሰድክ፣ እድሉ ስንት ነው እንዳልክ፣ ከዛ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ኦዱ ስንት ላይ እንደቆመ። አንተ 2.10 የወሰድከው ሲጀመር 1.95 እየሆነ፣ ይሄም ብዙ ጌም ላይ ከተደጋገመ፣ ቤቱ ወዳንተ ግምት እየመጣ ነው፣ እውነትም የሆነ ነገር ታያለህ ማለት ነው። በተቃራኒው ከሆነ ግን የምታውቀውን ቤቱም ያውቀዋል። እኔ አንድ ሰሞን ይዤ ነበር፣ ከመቶ ምናምን ቲኬት በኋላ ገልበጥ ገልበጥ ሳረግ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የቆረጥኳቸው ላይ ፅሁፌ ራሱ ተቀይሮ አገኘሁት፣ እድል የሚለው ቦታ ባዶ፣ ኦዱ ብቻ ተሞነጫጭሯል። ደብተሩን ከዛ በኋላ ብዙ አልቀጠልኩበትም፣ ቤቲንጉንም። እና ብታሸንፍም ብዙ ቤቶች በተከታታይ የሚያሸንፍ አካውንት ላይ መደቡን ይገድቡበታል፣ እወቀው።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ አንድ ሰውዬ ሹር ኦድ (እርግጠኛ ነው የሚለውን ግምት) ይሸጣል። ሳልከፍለው በፊት አምስት ጌም በነፃ ላከልኝ፣ አምስቱም ገባ። ልክፈለው?

መልስ፦ አትክፈለው። ለ320 ሰው ለግማሹ ያኛው ያሸንፋል ለግማሹ ይሄኛው ያሸንፋል ብሎ ልኮ ከሆነስ? የተሳሳተባቸውን ብሎክ አርጎ ለቀሩት 160 ይደግማል፣ 80፣ 40፣ 20፣ አምስተኛው ላይ አስር ሰው ይቀረዋል፣ አስሩም እንዳንተ አይኔ ያየውን አምናለሁ የሚሉ። አቻውን ረሳኸው እንዳትለኝ፣ ኦቨር አንደር (ከ2.5 ጎል በላይ ወይ በታች) ላይ አቻ የለም። የአሸነፈ ቲኬት ስክሪንሾትማ ኤዲት ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በቤቲንግ እዳ ገብቷል። ሁለት ጊዜ ከፈልኩለት። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ «የከሰርኩትን ላስመልስና አቆማለሁ፣ የመጨረሻ ነው» ይለኛል። ሲዋሽ ይዤዋለሁ። ዲሲፕሊን እንዲኖረው እንዴት ልርዳው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለመጀመሪያው ጠያቂ ያልኩትን ለወንድምሽ እንዳትሰጪው፣ እሱ ያለበት ሌላ ቦታ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማህበር መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታደስ ቁማርን ከሱሶች ጋር ነው የመደበው፣ ከዘጠኝ ምልክቶች በ12 ወር ውስጥ አራትና ከዛ በላይ ከታዩ ህመም ነው ይላል። ኪሳራን ለማስመለስ ተመልሶ መሄድ፣ ለመደበቅ መዋሸት፣ ቁማር ያመጣውን ችግር እንዲወጡለት የሰው ብር ላይ መንጠልጠል፣ ሦስቱን አንቺው በደብዳቤሽ ፅፈሽልኛል። ሐኪም ባልሆንም የሚታይ ነገር ነው። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር መሄድ አለበት፣ እንቢ ካለ አንቺ ብቻሽን ሂጂና አማክሪ፣ ይቻላል።

ብሩን በተመለከተ፣ እጁ ላይ ጥሬ ብር አትስጪው፣ በስልኩም አታስተላልፊለት። እዳውን መክፈል የግድ ከሆነብሽ ለአበዳሪው ራስሽ ክፈዪ፣ ግን መጀመሪያ ሙሉ የእዳ ዝርዝሩን ከነስሙ በወረቀት ይፃፍልሽ፣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግማሹ ነው። አካውንቶቹን፣ ራስን የማገድ አማራጭ ካላቸው በሱ፣ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ዝጉት፣ አንዱን ሲዘጋ ሌላ ስለሚከፍት ስልኩ ላይ ያሉትን ሁሉ ቁጠሪ። ደሞዝ ካለው ለተወሰነ ጊዜ አንቺ ወይ የሚያምነው ሰው ጋ ይግባ፣ ለታክሲና ለምሳ በየቀኑ ይውሰድ። አትጩሂበት። ስለ ራሱ ክፉ ነገር የሚያወራ፣ መኖር የሚያስጠላው ከመሰለሽ ግን እዳው ይቆይ፣ ብቻውን አትተይው፣ ያኑ ቀን ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ።