ጋዝ በሌለበት አርክ እንዴት ይነዳል?

ጥያቄ፦ እንደምን ከርማችኋል? በአርጎን ብየዳ ነው የምተዳደረው። አርኩን፣ ማለትም የብየዳውን የኤሌክትሪክ ነበልባል፣ የሚይዘው የአርጎን ጋዙ ነው ብለው አስተምረውኛል። አሁን ግን አየሩ ተመጥጦ ባለቀ ታንክ ውስጥም አርክ እንደሚነድ ሰማሁ። ጋዝ ከሌለ ከረንቱ በምን ተሻግሮ ነው ብረቱ ጋ የሚደርሰው?
(በያጅ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹን መልስ በየቀኑ በእጅህ ትይዘዋለህ። ብረት በዲሲ ስትበይድ ቶርቹን ኔጌቲቭ ላይ ታስራለህ አይደል? ያኔ ቶርቹ ጫፍ ላይ ያለው የተንግስተን ዘንግ ካቶድ፣ ማለትም ኔጌቲቩ ወገን ነው። ጫፉ ሲግል ኤሌክትሮኖች ከውስጡ ይወጣሉ፣ ልክ ከፈላ ውሃ እንፋሎት እንደሚወጣ። ሲወጡም ሙቀት ይዘው ስለሚሄዱ ጫፉን ያበርዱታል። ፖላሪቲው ተገልብጦ ቶርቹ ፖዘቲቭ ሆኖብህ የሚያውቅ ከሆነ ልዩነቱን አይተኸዋል። በ3422 ዲግሪ የሚቀልጠው ተንግስተን ወዲያው ጫፉ ይድቦለቦላል።

ባዶው ታንክ ውስጥ አርኩ ጋዙን ራሱ ይሠራል። ከካቶዱ በተነነው ብረት ውስጥ ነው የሚነደው። ካቶዱ ቀዝቃዛ መዳብ ከሆነ ከረንቱ በጥቃቅን ነጥቦች በኩል ያልፋል። ተማሪ ሳለሁ በታንኩ መስኮት፣ በጠቆረ መስታወት አይቻቸዋለሁ። የሚያበሩ ነጥቦች መዳቡ ላይ ይሯሯጣሉ፣ የቀለጠ ብረት ፍንጣሪ ይረጫሉ። ዓይኔን መንቀል አቅቶኝ ነበር።

ካቶዱ ሙሉ በሙሉ በደንብ ሲግል ግን ነጥቦቹ ሊጠፉ ይችላሉ። ከረንቱ በገጹ ላይ ተዘርግቶ በእርጋታ ይፈሳል። ለምሳሌ ካቶዱ ጋዶሊኒየም ከተባለው ብረት ሲሠራ፣ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ስለሚለቅ ሙቀቱ ብቻ ይበቃዋል።

እኔን የሚገርመኝ ክሮሚየም ነው። ሳይቀልጥ ይተናል። ኦወን ሪቻርድሰን የ1928ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሕግ አለ፤ የጋለ ብረት ስንት ኤሌክትሮን እንደሚለቅ የሚያሰላ። በ1730 ዲግሪ አካባቢ ለክሮሚየም ሳሰላው ከአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር 2 ሚሊአምፔር ገደማ ብቻ ይወጣል። አርኩ ግን በዚያችው ስፋት በአምፔር የሚቆጠር ከረንት ያሳልፋል። እና ቀሪው ከየት መጣ? ከትነቱ ነው። ኤሌክትሮናቸውን የተነጠቁ የክሮሚየም አቶሞች (አዮኖች) ፖዘቲቭ ስለሆኑ ወደ ካቶዱ ተስበው ይመለሳሉ። እነሱም ከረንት ናቸው፤ ሲመቱት ደግሞ መልሰው ያግሉታል። አንተ እንዳሰብከው ከረንቱ ወደ ብረቱ ብቻ አይገባም፤ ኤሌክትሮኖቹ እየወጡ፣ አዮኖቹ እየገቡ ነው።

አንድ አደራ አለኝ። ጫፉ ቀይ የተቀባው ተንግስተን ኤሌክትሮን በቀላሉ እንዲለቅ 2 በመቶ ያህል ቶሪየም ኦክሳይድ አለበት፤ ቶሪየም ደግሞ ጨረር ያወጣል። ስትሞርደው አቧራውን እንዳትተነፍሰው፣ ማስክ አድርግ። ስትገዛም ላንታነም ያለበትን፣ ጫፉ ወርቃማውን ጠይቅ።